ደሴና ኮምቦልቻ ተቀምጦ የመጀመሪያውን የንግድ ምክር መጽሐፍ መጻፍ፦ ከዱቤ መዝገብ እስከ ማተሚያ ቤት

በመጻሕፍት መደብሮችም ሆነ በእግረኛ መንገድ ዳር ከሚዘረጉት መጻሕፍት መካከል የንግድና የስኬት ምክር የሚሰጡት ሰፊ ቦታ ይይዛሉ። አብዛኞቹ የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ አስብ፣ እመን፣ ተነሣ፣ ትከብራለህ። ደሴ ፒያሳ ላይ ሱቅ የከፈተውን ሰው እንቅልፍ የሚነሣው ግን ሌላ ነው፤ የኪራይ ጭማሪ፣ ያልተመለሰ ዱቤ፣ ከመደርደሪያ አልወርድ ያለ ዕቃ፣ የግብር ወቅት። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ፣ በራሱ ሒሳብ እያሳየ የሚያስረዳ መጽሐፍ አንባቢ አያጣም። ጸሐፊው ሚሊየነር መሆን የለበትም። ጥቂት ዓመታት የተሠራበት ሥራና ያልተጣለ መዝገብ ይበቃዋል።

ነገሩ በደንብ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የግንባታ ዕቃ የሚቸረችር ሰው «ስለ ንግድ መጽሐፍ ልጻፍ» ብሎ ተነሥቷል እንበል።

አንባቢውን መምረጥ

«ለነጋዴዎች ሁሉ» ማለት ለማንም አለማለት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ተያይዘው፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ከተሞች ናቸው፤ የንግድ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። ደሴ በዙሪያዋ ላሉት ወረዳዎች የጅምላና የችርቻሮ ገበያ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅና ቢራ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደብ ያሉባት፣ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የሚነሣባት ከተማ ናት። ለፋብሪካ ሠራተኞች ምሳ የምታቀርብ ሴትና ሰኞ ገበያ ላይ ልብስ የሚሸጥ ወጣት ጭንቀታቸው አይመሳሰልም።

ስለዚህ አንድ ሰው ይምረጡ። በግማሽ ገጽ ላይ ምን እንደሚሸጥ፣ ስንት ብር እንደሚያዘዋውር፣ ሒሳቡን ማን እንደሚይዝለት ይጻፉ። መቼ እንደሚያነብም አይርሱ። ባለ ሱቅ የሚያነበው ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ በሁለት ደንበኛ መካከል ነው። 30 ገጽ የሚረዝም ምዕራፍ ለእርሱ አይሆንም፤ ከ10 እስከ 12 ገጽ ያለውን ግን በአንድ ቁጭታ ይጨርሰዋል።

መጽሐፉን ወደ አንድ ጥያቄ ማጥበብ

የእኛ ቸርቻሪ መጀመሪያ ያወጣው ማውጫ ራእይ፣ ካፒታል፣ የደንበኛ አያያዝ፣ ሠራተኛ፣ ግብር፣ ዱቤ፣ የጊዜ አጠቃቀም የሚል ነበር እንበል። ሰባት መጽሐፍ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጎረቤቶቹ ደጋግመው የሚጠይቁት የቱን ነው? ዱቤን ከሆነ መጽሐፉ የዱቤ መጽሐፍ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ከዱቤ ጋር በሚነካካበት ልክ ብቻ ይግባ።

መፈተኛው ቀላል ነው። «ይህን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ________ ማድረግ ይችላል» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሙሉት። «ሕይወቱን መለወጥ» ብለው ከሞሉት ገና ነዎት። «ለማን፣ እስከ ስንት፣ ለስንት ቀን በዱቤ እንደሚሸጥ መወሰንና ያልተመለሰውን ሳይጣላ መሰብሰብ» ካሉ መጽሐፍ አለዎት። ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆሞ ለማውረድ ያስቸግራል እንደሚባለው፣ በማውጫው ላይ ያልተቆረጠ ርእስ 100 ገጽ ከተጻፈ በኋላ አይቆረጥም፤ ሰው በላቡ የጻፈውን መጣል አይወድም።

ከመጻፍ በፊት መዝገብ ማገላበጥ

በዚህ ላይ ጊዜ አይቆጥቡ፤ የመጽሐፉ ሀብት ያለው እዚህ ነው። አሮጌ የዱቤ ደብተርዎን ያውጡ። እንዲህ ያለ ደብተር ውስጥ ሙሉ ስም ብዙም አይገኝም፤ «ባለ ባጃጁ»፣ «መምህሩ፣ ደመወዝ ሲወጣ»፣ «የሙሐመድ ጎረቤት፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር» የሚል ነው። የተከፈለው በእስክሪብቶ ተሰርዟል፤ በግማሽ የተከፈለው ከጎኑ ሌላ ቁጥር ተጨምሮበታል፤ ቀን የሌለውም አለ። ይህ ገጽ ብቻውን ሦስት ምዕራፍ ይወልዳል። ስሙ በቅጽል የተጻፈ ሰው ሲጠፋ ማንን ይጠይቁታል? ቀኑ ያልተጻፈ ዱቤ መቼ ዘገየ ይባላል? በግማሽ ለከፈለ ሰው ሌላ ዱቤ ይሰጣል ወይ?

ቀጥሎ ቆጠራ ነው። የአንድ ዓመት ዱቤ በአራት ይመድቡ፤ በጊዜው የተከፈለ፣ ዘግይቶ የተከፈለ፣ በሽማግሌ የተከፈለ፣ የቀረ። ውጤቱ ከገመቱት ሊለይ ይችላል፤ ለምሳሌ የሚጎዳዎት ትልቁ ተበዳሪ ሳይሆን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚወስደው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ግኝት ካገኙ መጽሐፉን የሚሸጠው እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ነጋዴዎችን ያነጋግሩ። «ስኬትዎ ምስጢሩ ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ የታወቀ ነው፣ «ትዕግሥትና የፈጣሪ ርዳታ»። «ባለፈው ወር እምቢ ያሉት የመጨረሻ ሰው ማን ነበር? ምን ብለው እምቢ አሉት?» ብለው ይጠይቁ። ወሎ ውስጥ «አብሽር» ብሎ ደንበኛን ሳያስቀይም የመመለስ ጥበብ አለ፤ እነዚያን ንግግሮች ቃል በቃል ይመዝግቡ። የሰዎቹን ስም፣ ሰፈርና የዕቃ ዓይነት ግን ይቀይሩ፤ ቀይረውም ያሳዩዋቸው። ደሴ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ነጋዴው ይተዋወቃል። በመጽሐፍ ላይ የባለ ዕዳ ስም ያወጣ ሰው ዕዳውንም ደንበኛውንም ያጣል።

ምዕራፎቹን መሥራት

ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ካርድ ወይም ግማሽ ወረቀት ይመድቡ። በላዩ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ አንባቢው የገጠመው ችግር፣ በትክክል የሆነ ታሪክ፣ ሒሳቡ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ በፊት ሊሠራ የሚችል አንድ ተግባር። አራተኛው ከጎደለ ምዕራፉ ወሬ ነው። ካርዶቹን መሬት ላይ ዘርግተው ያቀያይሩ፤ አንባቢው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የቱ ነው? ከዱቤ ታሪክና ትርጉም አይጀምሩ፤ ለባለ ሱቅ ዱቤ ምን እንደሆነ ማስረዳት ስድብ ነው። «ነገ ጧት ደብተሩን እንዴት ልያዝ?» ከሚለው ይጀምሩ።

መጠኑን በተመለከተ፣ በ12 ነጥብ ፊደል የተጻፈ የኤ-አምስት ገጽ ከ200 እስከ 250 የአማርኛ ቃል ገደማ ይይዛል። 150 ገጽ መጽሐፍ ከ30 ሺህ እስከ 37 ሺህ ቃል ነው ማለት ነው። በቀን አንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው፣ በዓሉንና ኀዘኑን አስቦ፣ በግማሽ ዓመት ውስጥ ረቂቁን ይጨርሳል።

አጻጻፍ

መጻፍ የሚከብዳቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ መናገር አይከብዳቸውም። ምዕራፉን ለጓደኛ እንደሚያወሩ በስልክዎ ይቅዱትና ወደ ወረቀት ያውርዱት፤ ከዚያ ድግግሞሹን ይቁረጡ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሐሳብ በሐሳብ ላይ የተከመረበት ረጅም ዓረፍተ ነገር አንባቢውን እስከ መጨረሻው ያንጠለጥለዋል። ሁለት ቦታ ቢቆርጡት ምንም አይጎድልበትም።

ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። «ስኬታማ ነጋዴ ዱቤን በጥበብ ያስተዳድራል፤ በራሱ ስለሚተማመንም እምቢ ማለትን አይፈራም።» ስሕተት የለበትም፤ ግን ሱቅ ገብቶ የማያውቅ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። አሁን ደግሞ ይህን ይመልከቱ፦ «በ10 ሺህ ብር የገዛሁትን ቆርቆሮ በ11 ሺህ በዱቤ ወሰደና ጠፋ። ትርፌ 1 ሺህ ብር ነበረች። ከኪሴ የወጣውን 10 ሺህ ለመመለስ ይህንኑ የሚያህል ሽያጭ 10 ጊዜ በእጅ በእጅ መሸጥ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንበኛ ከ2 ሺህ ብር በላይ በዱቤ አይወስድም።» ሁለተኛውን ያነበበ ነጋዴ የራሱን ደብተር ያወጣል።

ሁለት ነገሮች ለዚህ አካባቢ አንባቢ በተለይ ያስፈልጋሉ። አንደኛው ወለድ ነው። ስለ ብድር ሲጽፉ በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይነካውን አንባቢ ከረሱት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እጅግ ብዙ ሰው መጽሐፉን እዚያ ገጽ ላይ ይዘጋዋል። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በጊዜ ሂደት በሚከፈል ዋጋ ለደንበኛው የሚሸጥበትን ሙራባሃን ከተራው ብድር ጎን ለጎን በሒሳብ ያስረዱ። እቁብንም አይዝለሉት፤ ለብዙ ባለ ሱቅ የመጀመሪያው ባንክ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ኪሳራ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በከተሞቹ ንብረቱን ያጣ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ያለ ሰው «ኪሳራ የአስተሳሰብ ውጤት ነው» ብሎ መጻፍ ድፍረትም ነው፣ ውሸትም ነው። በራስ ጥፋት የሚመጣውንና ማንም ሊያስቀረው የማይችለውን ኪሳራ ለይተው ይጻፉ፤ ለሁለተኛው ምክር ከሌለዎት ምክር አይፍጠሩ።

ዋጋና ሕግ መጽሐፍን ቶሎ ያስረጃሉ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994 በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዋጋ አጠገብ ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉ፤ ከብሩ ይልቅ ስሌቱን ያስተምሩ፤ የግብሩን ጉዳይ ደግሞ ሰብስበው በመጨረሻ በአባሪ ያስቀምጡት። በቀጣዩ እትም አባሪውን ብቻ መቀየር ይበቃል።

ማስነበብና ማረም

ረቂቁን ለሦስት ዓይነት ሰው ይስጡ፤ ለመረጡት አንባቢ፣ ለሒሳብ ባለሙያ፣ ለአማርኛ አርታኢ። የመጀመሪያውን «እንዴት ነው?» ካሉት «በርቱ» ይልዎታል፤ ይህ ይሉኝታ እንጂ አስተያየት አይደለም። እርሳስ ሰጥተው «የሰለቸህ ቦታ ላይ መስመር አስምር» ይበሉት። ሒሳቡን አንድ ቁጥር የተሳሳተ የንግድ መጽሐፍ ሌላውም አይታመንምና የሒሳብ ባለሙያውን አይዝለሉ።

ወደ ማተሚያ ቤት

ጽሑፉን ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የሚያስጽፉ ከሆነ በዩኒኮድ ፊደል እንዲጻፍ ከመጀመሪያው ይንገሩ። ዩኒኮድ ባልሆኑ አሮጌ የግእዝ ፊደላት የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሊሆን ይችላል። የመጽሐፍ ወረቀት ብዙውን ጊዜ በ16 ገጽ ስለሚታጠፍ የገጹን ብዛት ከዚያ ጋር ያስማሙ፤ 160 ገጽ 10 እጥፋት ነው፤ 163 ገጽ ከሆነ ግን እስከ 176 ድረስ 13 ባዶ ገጽ ይገዛሉ።

በተለምዶ ወመዘክር ከሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ባለ 13 አኃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ይውሰዱ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፉ የቅጂ መብት ጽፈው እንዳስቀመጡት የእርስዎ ነው፤ ጥበቃው በሕይወት እስካሉና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የሚጠበቀው አጻጻፉ እንጂ ሐሳቡ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለ ዱቤ ቢጽፍ መክሰስ አይቻልም።

ዋጋ ሲተምኑ የራስዎን ምዕራፍ በራስዎ መጽሐፍ ላይ ይሞክሩ። ለምሳሌ ያህል 1,000 ቅጂ በ150 ሺህ ብር ታተመ፣ የሽፋኑ ዋጋ 350 ብር ሆነ፣ አከፋፋዩ 30 በመቶ ወሰደ እንበል። ከአንዱ መጽሐፍ 245 ብር ይደርስዎታል፤ የማተሚያው ወጪ የሚመለሰው 613ኛው ሲሸጥ ነው። 613 ሰው ከየት እንደሚመጣ መልስ ከሌለዎት 300 ያሳትሙ፤ የአንዱ ዋጋ ቢወደድም የሚታሰረው ገንዘብ ያንሳል።

መጻሕፍት መደብሮች ብዙውን ጊዜ «ሲሸጥ እንከፍላለን» ብለው ነው የሚረከቡት። ይህም ያው ዱቤ ነው። የቅጂውን ብዛት፣ የሚቆረጠውን ድርሻ፣ ሒሳብ የሚተሳሰቡበትን ቀንና ያልተሸጠው ተመላሽ መሆኑን በደረሰኝ ላይ አስፍረው ያስፈርሙ። አዳራሽ ተከራይቶ፣ ምሳ አብልቶ መጽሐፍ ማስመረቅ ደስ ይላል፤ ለመጀመሪያ የንግድ መጽሐፍ ግን ገንዘቡ ኮምቦልቻ ወርዶ የግንባታ ዕቃ መደብሮችን በየበሩ አንኳክቶ አንድ አንድ ናሙና ለማስቀመጥ ቢውል የበለጠ ይሸጣል።