ጥቁር አዝሙድን ጠረኑና ቅባቱ ሳይበላሽ ለማቆየት

ጥቁር አዝሙድ ለዳቦና ለቅቤ ማንጠሪያ ቅመም፣ ለጉንፋን ደግሞ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚሸተት መድኃኒት ሆኖ የኖረ ዘር ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ዘይት አለ፤ አያያዙም የሚወሰነው በእነዚሁ ጠባይ ነው። አንደኛው ከዘሩ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚደርሰው ቅባት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የቅባት አሲድ ነው፤ ኦሌይክና ፓልሚቲክ አሲዶች ይከተሉታል። ሁለተኛው መጠኑ እጅግ ጥቂት የሆነ፣ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው። በቤተ ሙከራ ፀረ-ኦክሳይድና ፀረ-ባክቴሪያ ባሕርይው በተደጋጋሚ የታየው ታይሞኪኖን የተባለው ንጥረ ነገር የሚገኘው በዚህኛው ውስጥ ነው። ሊኖሌይክ አሲድን አየርና ብርሃን ያበላሹታል፤ የሚተነውን ዘይት ደግሞ ሙቀት ያባርረዋል።

ስለዚህ ሲገዙ ያልተፈጨውን ይምረጡ። የሽንኩርት ዘር በመልኩ ስለሚመሳሰለው ጥቂት ፍሬ ወረቀት ላይ በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጠው ያሽትቱ፤ ደህናው ጥቁር አዝሙድ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጠረን ይሰጣል፣ ወረቀቱም ላይ የቅባት ነጥብ ያስቀራል። ከለቀሙና ከነፉ በኋላ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከነፍሬው ያስቀምጡት፤ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በሙቀጫ ይውቀጡ። እስኪጨስ ማመስ ግን ኪሳራ ነው፤ ቤቱን የሚያውደው ጠረን ከዘሩ ወጥቶ የሄደው ነውና።

ዘይቱን የሚገዙ ከሆነ ያለ ሙቀት የተጨመቀውን፣ በጠቆረ ትንሽ ጠርሙስ የታሸገውን ይውሰዱ፤ ከከፈቱት በኋላም ከምድጃ ርቆ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። እንደ ቆየ ቀለም መሽተት ከጀመረ ቅባቱ ተበላሽቷልና ይጣል።

ስለ ፀረ-ባክቴሪያነቱ ሲነገር ፈተናው እንዴት እንደሚሠራ ማስታወስ ይበጃል። ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ ዘይቱን የጠጣች ክብ ወረቀት ትቀመጥና በማግስቱ በዙሪያዋ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ቀለበት ይለካል። እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ያሉት ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ በቀላሉ ይሸነፋሉ፤ እንደ ኢ. ኮላይ ያሉት ግን ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ይበልጥ ይቋቋማሉ። የሳህኑ ቀለበት የሰው ቁስል አይደለም፤ ሐኪም ያዘዘውን አንቲባዮቲክ በዘይት መተካት አይገባም። ነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ዘይቱን በማንኪያ ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ፤ ዳቦ ላይ ከሚነሰነሰው ቁንጥር ጋር መጠኑ አይገናኝም።