መኪና ገጭቷችሁ ካሳ ስትጠይቁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን ታደርጋላችሁ?

የአክስቴን ልጅ ዜብራ ላይ መኪና ገጨው፣ እግሩ ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን የሹፌሩ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ሆስፒታል መጡ። የሕክምናውን ከፈሉ፣ ትንሽ ብር ጨመሩ፣ «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አስፈረሙት። እናቱ «እንኳን ነፍሱ ተረፈች» ብላ መርቃ ሸኘቻቸው። ከስምንት ወር በኋላ ሐኪሙ አጥንቱ በደንብ አልገጠመም፣ እንደገና ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል አለ። ማንን ይጠይቅ? ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደገም ነው።

ከሁሉም በፊት ሕክምና። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። በሦስተኛ ወገን መድን (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ መድን) አዋጅ መሠረት ማንኛውም ጤና ተቋም የተሽከርካሪ አደጋ የደረሰበትን ሰው አስቸኳይ ሕክምና መስጠት አለበት፤ ሕጉ እስከወሰነው መጠን ድረስ ወጪው ከእናንተ ኪስ አይወጣም። «መጀመሪያ ብር አስይዙ» ካሏችሁ ይህን ንገሯቸው።

እናንተ ስትታከሙ አንድ ሰው ቦታው ላይ ይቅር። ታርጋውን፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ስቲከር፣ የፍሬኑን ምልክት ፎቶ ያንሳ፣ ያዩ ሰዎችን ስልክ ይቀበል። መኪናው ከቦታው ሳይነቃነቅ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) እንዲያነሳ አጥብቆ ይጠይቅ። «በሰላም እንጨርስ፣ ፖሊስ ምን ያደርጋል» የሚል አይጠፋም። እሺ አትበሉ፤ ያ ፕላን ከሌለ በኋላ በቃል ብቻ ነው የምትከራከሩት።

ከዚያ ወረቀት መሰብሰብ ነው። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የራጅ ውጤት፣ ለምርመራ የተመላለሳችሁበት የትራንስፖርት ወጪ፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል። ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጽፉ፤ ነጋዴ ከሆናችሁ ግብር የከፈላችሁበት ደረሰኝ፣ የቀን ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ በቀን ስንት ታገኙ እንደነበር የሚመሰክር አሠሪ ወይም ባልደረባ ያስፈልጋል።

ትልቁ ወረቀት ግን የሕክምና ቦርድ፣ ማለትም ጉዳቱን የሚመዝኑ የሐኪሞች ቡድን፣ ማስረጃ ነው። ቋሚ ጉዳት ከደረሰባችሁ፣ ሕክምናው ሲያልቅ ሐኪማችሁን ቦርድ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ ቦርዱ ጉዳቱን በመቶኛ ያስቀምጣል። ወደፊት የሚቀርባችሁ ገቢ የሚሰላው በአብዛኛው በዚያ ቁጥር ነው። እርቅ መጥፎ አይደለም፣ እኔም እደግፋለሁ፤ ግን ቦርድ ሳይወጣ አትፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 መሠረት የእርቅ ስምምነት በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው የሚቆጠረው። ስትስማሙም ገንዘቡ ለምን ለምን እንደሆነ ይዘርዘር፣ ለወደፊት ሕክምናም ቦታ ይኑረው።

ማንን ትጠይቃላችሁ? መጀመሪያ የመኪናውን መድን ድርጅት። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፣ ጣሪያ ግን አለው፤ አዋጁ በ2005 ዓ.ም. ሲወጣ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ ብር ነበር፣ አሁን የሚሠራበትን ከድርጅቱ ጠይቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ጣሪያው የመድኑ ነው እንጂ የመብታችሁ አይደለም። ጉዳታችሁ ከዚያ ከበለጠ ቀሪውን ከባለንብረቱ ትጠይቃላችሁ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት ባለቤቱ ራሱ ባያሽከረክርም፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ገጭቶ ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ወደ መንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ሂዱ፣ ፖሊስ የሰጣችሁን ማስረጃ ይዛችሁ።

ሰው ከሞተ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች በሞቱ ምክንያት ለቀረባቸው መተዳደሪያ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ለሐዘኑ የሚሰጠው የሞራል ካሳ ግን ከ1 ሺህ ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያስቀመጠው ገደብ ነው። ልጇን ለቀበረች እናት ይህን መንገር በጣም ይከብደኛል፣ መሻሻል ያለበት ነገር ነው።

ጊዜው እንዳያመልጣችሁ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የሹፌሩ ወንጀል ከዚያ የረዘመ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ካለው ያ ይሠራል፣ እናንተ ግን ሁለቱን ዓመት ያዙ። «የወንጀሉ ክስ ይለቅ» ብላችሁ አትቀመጡ። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢባል እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በዚያ አይገደድም።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ ከሌላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይቻላል፣ አቅም እንደሌላችሁ የሚያሳይ ማስረጃ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ አጽፉ። ጠበቃ መቅጠር ካቃታችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ስትሄዱ ያንን ፌስታል እንዳትረሱት።