ግቢያችሁ ውስጥ ኪሲንግ በግ ሲታይ፦ ችግርና መፍትሄ

ቴክሳስ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የገዛ ሰው ግቢው ሰፊ ነው። ውሻ ያሳድጋል፣ ዶሮ ያረባል። ከጫካው የሚመጣ አንድ ያልተጠራ እንግዳም አለ፤ አሜሪካኖቹ «ኪሲንግ በግ» ይሉታል። («ሳሚ ትኋን» እንደ ማለት ነው፤ የፋሲካው በግ እንዳይመስላችሁ!) ትልቅ የትኋን ዘመድ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ደም ይመጥጣል፣ ቻጋስ የሚባለውን ልብና አንጀት የሚጎዳ በሽታ የሚያመጣ ተውሳክም ይሸከማል። ተውሳኩ በእኛ አገር ከብት ላይ ገንዲ ከሚያመጣው ጋር ዘመድ ነው።

በረንዳ መብራት ሥር ትልቅ ትኋን አገኛችሁ

2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ ሆኖ የሆዱ ጠርዝ ላይ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሰረዝ አለው። ጭንቅላቱ ሾጠጥ ያለ ነው። ሙቀት ሲሆን መብራት እያየ ይበራል፤ ስለዚህ የውጭ መብራት አጥፉ፣ መስኮት ላይ ወንፊት አድርጉ፣ ስንጥቅ ድፈኑ።

በባዶ እጅ አትጨፍልቁት። ተውሳኩ ያለው በኩሱ ውስጥ ነው። ሰው የተነከሰበትን ሲያክ ወይም ዓይኑን ሲያሽ ይገባል። በብልቃጥ ያዙትና የነካውን ቦታ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ጥረጉ። የበረሮ ወጥመድ አይሠራም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

አንዱን ስታስወግዱ ሌላ ይመጣል

ቅርብ ቦታ የሚቀልበው እንስሳ አለ ማለት ነው። የዱር አይጥ ጎጆ፣ እንደ ኦፖሰም፣ ራኩንና አርማዲሎ ያለ በረንዳ ሥር ያደረ የአሜሪካ አውሬ፤ እነዚህ ሁሉ ተውሳኩን በደማቸው ይይዛሉ። ቤቱን ተደግፎ የተከመረ እንጨት ደግሞ ለአይጡም ለትኋኑም ሆቴል ነው። አርቁት።

ዶሮ ግን ሌላ ነገር ናት። ወፍ በቻጋስ አይያዝም። ታዲያ ዶሮ ንፁህ ናት? አይደለም! ትኋኑ ዶሮ ቤት ውስጥ ደም እየጠጣ ይባዛል፣ ከዚያ ውሻው ጋ ሄዶ ተውሳኩን ይወስዳል። ዶሮዋ ትቀልበዋለች፣ ውሻው ይበክለዋል። ዶሮ ቤቱን ከመኝታ ቤትም ከውሻውም አርቁ።

ክንፍ ያላወጡ ትናንሽ ትኋኖች ቤት ውስጥ ካያችሁ እዚያው ሳይፈለፈሉ አይቀሩም። ያኔ ባለሙያ ጥሩ።

ውሻው ቶሎ ይደክመዋል፣ ሆዱ አብጧል

ውሻ ትኋኑን አሳድዶ ይበላዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘውም እንዲያ ነው። ተውሳኩ ልቡን ይጎዳል። ሌላ የልብ ሕመምም ይህንኑ ስለሚመስል የእንስሳት ሐኪሙን «ለቻጋስ ደሙን መርምርልኝ» በሉት፤ ካልጠየቃችሁ ላያስበው ይችላል። ክትባት የለም። ውሻው ስለላሳችሁ ብቻ በሽታው አይተላለፍም።

ማታ የት ይተኛ? እዚህ ላይ ሁለት ምክር ትሰማላችሁ፣ ሁለቱም ትክክል ነው። አርጀንቲናና ቦሊቪያ ውስጥ፣ ግራን ቻኮ በሚባለው አካባቢ፣ ትኋኑ (እነሱ ቪንቹካ ይሉታል) የሚኖረው በጭቃ ቤቱ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ እዚያ ውሻው ከመኝታ ቤት ይውጣ ይባላል። ቴክሳስ ውስጥ ግን ትኋኑ በብዛት ያለው ውጭ ነው፤ በደንብ የተደፈነ ቤት ካላችሁ ውሻው ማታ ይግባ። ቁም ነገሩ እንስሳውና ትኋኑ አንድ ቦታ እንዳያድሩ ነው። በሽታው በስሙ የተጠራው ሐኪም ካርሎስ ቻጋስ በ1909 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብራዚል ውስጥ ተውሳኩን በአንዲት ሕፃን ደም ሲያገኝ፣ የቤቷ ድመትም ተይዛ ነበር።

የሰው አንድ ዓይን አበጠ፣ ትኩሳት መጣ

ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ትኋኑን ይዛችሁ ቢሆን ይመረጣል። ብዙ ሰው ግን ምንም ምልክት አያይም፣ ከዓመታት በኋላ ከ100 ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ልባቸው ወይም አንጀታቸው ይታመማል። ቤንዝኒዳዞል የሚባለው መድኃኒት በጊዜ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። ስለዚህ አልጋ ላይ ትኋኑን ካገኛችሁት፣ ባያማችሁም የደም ምርመራ ጠይቁ።