አልፎ አልፎ ለሚተኩስ ሰው፦ ካውያ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሳምንት አንዴ ሁለት ሸሚዝ፣ በበዓል ደግሞ የሀበሻ ቀሚስና ነጠላ። የቤትዎ የካውያ ሥራ ይህችው ከሆነች ውድ ካውያ ምን ያደርግልዎታል? በትንሽ ብር የሚበረክት ማግኘት ይቻላል፤ እነዚህን ነገሮች ካልተሳሳቱ።

እንፋሎት ያለው ሁሉ ይሻላል ማለት። በየቀኑ ለሚተኩስ ሰው የእንፋሎት ካውያ ደስ ይላል። አልፎ አልፎ ለሚተኩስ ግን ውሃው ራሱ ጣጣ ነው። ተኩሰው ሲጨርሱ ውሃውን ሳይደፉ ቁም ሳጥን ውስጥ ይከቱታል። ቆይተው ሲያወጡት ቀዳዳዎቹ በነጭ ቅርፊት ተደፍነዋል፤ ወይም ቡናማ ጠብታ ነጩ ነጠላ ላይ ጠብ ይላል። ሙቀቱ ዝቅ ሲልም ውሃው ሳይተን እንዲሁ ይንጠባጠባል። ደረቁ ካውያ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ልብሱ ከደረቀ ውሃ እፍ እፍ ማድረግ ይበቃል። የእኔ ምርጫ ደረቁ ነው።

ዋቱ በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው ብሎ ማሰብ። ከ1000 እስከ 1200 ዋት ያለው ደረቅ ካውያ ለጥጥም አያንስም። 2400 ዋቱ ቶሎ ይግላል፣ እውነት ነው። ግን በ220 ቮልት ወደ 11 አምፔር ይስባል፤ 1000 ዋቱ ግን 5 እንኳ አይሞላም። ፍሪጅና ቴሌቪዥን የተሰካበት ቀጭን ዲቫይደር ላይ ትልቁን ሲጨምሩበት መጀመሪያ የሚሸተው ፕላስቲኩ ነው። ካውያ ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻውን ይሰካ።

«ከአሜሪካ የመጣ ነው» በሚል መሸወድ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው። ለዚያ የተሠራ ካውያ እኛ ጋ ሲሰካ ከሚገባው 3 እጥፍ በላይ ኃይል ይወስዳል፤ ወዲያው ይቃጠላል። ርካሹ የስፒና መቀየሪያ ደግሞ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ዘመድ ሊልክልዎት ካሰበ ካውያው ላይ 220 ወይም 240 መጻፉን ያይልዎት። ከዱባይ የሚመጣው በቮልት ይስማማል፤ ስፒናው ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

ሆዱን፣ ማለትም ልብሱን የሚነካውን የታች ገጽ፣ አለማየት። የማይጣበቅ ቅብ ያለው ይንሸራተታል፤ ዚፕና ቁልፍ ግን ይፍቀዋል። ያገለገለ ሲገዙ ሆዱን በመዳፍዎ ዳበስ ያድርጉት። ሻካራ ከሆነ የጥበቡን ክር ይመዛል።

ሳያስሰኩ መክፈል። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ባለሱቁን «እስቲ ሰካልኝ» ይበሉት። ማዞሪያውን ዝቅተኛው ሙቀት ላይ ያድርጉና ይጠብቁ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭ ይልና ካውያው ላይ ያለችው መብራት ትጠፋለች፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሳ ትበራለች። ሙቀት መቆጣጠሪያው ሠራ ማለት ነው። ዝም ብሎ እየጋለ ከሄደ በነጻም ቢሰጥዎት አይውሰዱት፤ ፖሊስተር ሸሚዝ የሚያቀልጠው እንዲህ ያለው ነው። ከዚያ ገመዱ ወደ እጀታው የሚገባበትን ቦታ ወዲያ ወዲህ አጠፍ አጠፍ ያድርጉት። መብራቷ ብልጭ ድርግም ካለች ውስጡ ሽቦው ላልቷል። ብዙ ካውያ ቀድሞ የሚሞተው እዚያ ጋ ነው፤ በተለይ ሳይበርድ ገመዱ የሚጠመጠምበት።

ባለሱቁ ለመሰካት ካንገራገረ፣ ቀጥሎ ያለው ሱቅም ካውያ ይሸጣል።