ሰምና ወርቅ ያለው የመስቀለኛ ቃላት ፍንጭ እንዴት ይጻፋል?

እንግሊዞች ዘንድ የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሽ መፍታት ብቻ ሳይሆን ፍንጭ መጻፍም ውድድር አለው። ኦብዘርቨር ጋዜጣ ላይ እንቆቅልሹን በየተራ ያዘጋጁት ሰዎች በብዕር ስማቸው ቶርኬማዳ (ከ1926 እ.ኤ.አ.)፣ ዚሜነስ (ከ1939) እና አዜድ (ከ1972) ይባላሉ። ስሞቹ የተወሰዱት መናፍቅ ናችሁ እያሉ ሰው ያሠቃዩ ከነበሩ የስፔን መርማሪ ዳኞች ነው፤ አዜድም (Azed) ዴዛ (Deza) የተባለው ዳኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ከኋላ ሲነበብ ነው። ተወዳዳሪው አንድ ቃል ይሰጠዋል፤ ፈቺውን የሚያሳስት፣ ግን የማይዋሽ ፍንጭ ጽፎ ይልካል። ሰምና ወርቅ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም፤ በአማርኛም ጥሩ አድርጎ ይሠራል።

መጀመሪያ ሕጉን ያዙ። ፍንጩ ሁለት ነገር ይይዛል፦ የመልሱን ቀጥተኛ ፍቺ፣ እና ወደዚያው መልስ የሚያደርስ ሌላ የቃል መንገድ። ፍቺው ወይ ከፊት ወይ ከኋላ ይቀመጣል። ለማሳመሪያ ብቻ የገባ ቃል ካለ አውጡት።

ቀጥሎ የተሰጣችሁን ቃል በወረቀት ላይ ጻፉና ከኋላ አንብቡት። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፤ «ማለ» ሲገለበጥ «ለማ»፣ «ናቀ» ሲገለበጥ «ቀና» ይሆናል። የተሰጣችሁ ቃል «ረዳ» ነው እንበል። ሲገለበጥ «ዳረ» ይወጣዋል። አሁን የሁለቱን ፍቺ የሚያገናኝ አንድ ተራ ወሬ ፈልጉ፦

«ልጁን ለባል ሰጠ፤ ተመልሶ አገዘ (2 ፊደል)»

አንባቢው የሚያየው ልጁን ድሮ ሲያበቃ ሙሽሮቹን ሊረዳ የተመለሰ አባት ነው። ፈቺው ግን «ለባል ሰጠ» የሚለው «ዳረ» መሆኑን፣ «ተመልሶ» የሚለው ቃሉን አዙረው ማለት መሆኑን፣ «አገዘ» ደግሞ ፍቺው መሆኑን ማየት አለበት። ትርፍ ቃል የለም። እኔ ከሁሉ የምወደው እንዲህ ያለውን ነው፤ ላይ ላዩ ወሬው እውነተኛ የሰው ወሬ ይመስላልና።

ቃሉ ተገልብጦ ትርጉም ካልሰጠ ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ትርጉም ያለው ቃል፣ መሆኑን መርምሩ። «ብርድ የመታው ሠዓሊ ምን አደረገ? (2)» መልሱ «ሳለ» ነው፤ ሥዕል ሳለ፣ ጉንፋን ይዞትም ሳለ። ይህም ካልሆነ በሁለት ቃላት መጋጠሚያ ላይ ደብቁት። «እየገሰገሰ ማይጨው የገባው፣ በውስጡ የደመና ማደሪያ አለው (3)»፤ ከ«እየገሰገሰ» የመጨረሻ «ሰ» ጀምራችሁ ካነበባችሁ «ሰማይ» ተጋድሞ ታገኙታላችሁ።

እንግሊዞች አብዝተው የሚጠቀሙበት ፊደል ማበራየት፣ ማለትም የአንዱን ቃል ፊደላት አቀያይሮ ሌላ ቃል ማውጣት፣ ግን ለእኛ ብዙም አይመችም። የእነሱ ፊደል 26 ነው፤ አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ እንደፈለጉ ያዘዋውሩታል። የእኛ አንዱ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ፊደል አናባቢውን ይዞ ይገባል፤ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፣ ስለዚህ ተበራይቶ ሌላ ቃል የሚሆን ረጅም ቃል ማግኘት ከባድ ነው። ጊዜያችሁን አታባክኑበት።

በምትኩ ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን የማያሳይ መሆኑን ተጠቀሙበት። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «ዋና» ሲጠብቅ አለቃ፣ ሲላላ ባሕር ውስጥ የሚደረገው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ምስጢሩ ይወጣል፤ ወረቀት ላይ ግን ፈቺው የለመደውን ንባብ ይዞ ይሄድና ይሳሳታል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የተጻፈው ሁለቱንም ስለሚል።

ሞክሼ ፊደላትን በተመለከተ አስቀድማችሁ የውድድሩን ደንብ ጠይቁ። ሥዕልን በንጉሡ ሠ የሚጽፍ ሰው ሠዓሊው «ሣለ» ይላል፤ ደንቡ ሰንና ሠን ከለየ ከላይ ያለው ፍንጭ ይወድቃል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀም እንደዚያው።

ከመላካችሁ በፊት ፍንጩን መልሱን ለማያውቅ ሰው ስጡት። አቅቶት መልሱን ስትነግሩት «ለካ!» ካለ ሠርቷል። «እንዴት?» ብሎ ከጠየቀና ማስረዳት ከጀመራችሁ የጎደለ ነገር አለ፤ ቃሉን ሳይሆን ፍንጩን ቀይሩ። በመጨረሻ ለዳኛው ከፍንጩ ሥር አንድ መስመር ማብራሪያ ጻፉ፦ «ዳረ ሲገለበጥ ረዳ፤ ረዳ ማለት አገዘ»።