ክታቡ ያጠረው ልጅ፦ ጎጃም ውስጥ የሚካሄድ ማንጋ እንዴት ይጻፋል?

ማንጋ፣ ማለትም የጃፓንን ዓይነት በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ ልጽፍ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያሳያችሁ የዋናውን ልጅ ሰይፍ ነው። ጸጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ኃይሉ ወሰን የለውም። እሺ፣ ምን ያቅተዋል? ስትሉት መልስ የለም። የመንፈስና የድብድብ ታሪክ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሁሉን የሚችል ሰው ሲደባደብ ማየት ይሰለቻል፣ ምስጢሩም ተፈታ አልተፈታ ማንም ደንታ አይሰጠውም።

ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት ሕጉን አውጡ። ለዚህ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ክታብን ውሰዱ። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጀዋል፣ ከራስ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። የክርስትና ስሙን ይጽፍበታል፣ መሃል መሃሉ ላይ ዓይን የበዛበት ጠልሰም ይስልበታል። በቃ፣ ቁመትና ስም የሚባሉ ሁለት ሕጎች አገኛችሁ።

አሁን ከሕጉ ሰው ይውጣ። በ7 ዓመቱ ክታብ የተጻፈለት ልጅ አስቡ። ዛሬ 16 ሆኖታል። ዋሸራ ቅኔ ሊማር ሄዷል፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። እሱ አድጓል፣ ክታቡ ግን ያው ነው፤ ከጉልበቱ በታች የሚጠብቀው ነገር የለም። ጠላቶቹም ይህን ስላወቁ የሚፈልጉት እግሩን ነው። እንግዲህ መሬት ላይ ቆሞ መደባደብ አይችልም ማለት ነው፤ ዋርካ ላይ፣ የድንጋይ ካብ ላይ፣ የሚጋልብ በቅሎ ጀርባ ላይ ይፋለማል፤ የድብድብ ስልቱን ቁጭ ብላችሁ መፈልሰፍ ሳያስፈልጋችሁ ከድክመቱ ራሱ ወጣ።

ጠላቱስ? ሰውን በጥላው በኩል ይጎዳል ስለሚባለው ጥላ ወጊ ሁላችንም ሰምተናል። ጥላ የሚጀምረው ከእግር ነው፣ ልጁ ደግሞ የተጋለጠው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሰዓቱና ቦታው ሁሉ ትርጉም ያገኛል። እኩለ ቀን ላይ ጥላው አጭር ስለሆነ ይተነፍሳል፤ ወደ ማታ ሲረዝም ይሸሻል። በክረምት ጢስ ዓባይ ስር ጢሱ ፀሐዩን ሲጋርድ ጥላ የለም፣ መደበቂያው እዚያ ይሁን። ጮቄ ተራራ ላይ ግን ጉሙ ድንገት ሲገፈፍ ጉዱ ይፈላል። ማንጋ ጥቁርና ነጭ መሆኑ እዚህ ጋ ይጠቅማችኋል፤ ጥላውን በቀለም ድፍን አድርጉት።

ወደ ምስጢሩ እንምጣ። ክታቡ ላይ ያለው ስም የልጁ አይደለም። በሕጋችሁ መሠረት ሊሠራ አይገባም፣ ግን ይሠራል። ለምን? የሞተ ወንድም ይሁን፣ እናትየው የደበቀችው ነገር ይሁን፣ ምርጫው የእናንተ ነው፤ ብቻ 1ኛውን ምዕራፍ ሳትስሉ መልሱን ወረቀት ላይ አስፍሩት። ምስጢሩን እየጻፍኩ አገኘዋለሁ የሚል ሰው 10ኛው ምዕራፍ ላይ ይጠፋል።

ፍንጩን የምትቀብሩት እንደ ቅኔ ነው፣ ላይ ላዩ ሌላ፣ ውስጡ ሌላ። ለምሳሌ፣ ክታቡ ላይ ያለውን ስም ያዩት የኔታ ልጁን ሲጠይቁት፦

«የክርስትና ስምህ ማነው ልጄ?»
«ኃይለ ሚካኤል፣ የኔታ።»
(ዝም።)
«የኔታ፣ ምነው?»
«ምንም። ቀጽል።»

አንባቢ በመጀመሪያ ንባቡ ሽማግሌው ደክሟቸው ነው ብሎ ያልፋል። ምስጢሩ ሲገለጥ ተመልሶ ያችን ዝምታ ያያታል። ከዚህ በላይ አታብራሩ፤ በተለይ ድብድብ መሃል ገጸ ባሕሪው ቆሞ ስለ ኃይሉ ንግግር ሲያደርግ እኔ ገጹን ዘልዬ ነው የማልፈው።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ቀጥቃጩን ወይም ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ አድርጋችሁ አትሳሉ። በዚህ ስም በእውን የተገለሉ፣ የተጎዱ ሰዎች አሉ፣ ደግሞም እንደ ታሪክ ሰነፍ መልስ ነው። ይልቅ የቀጥቃጩን ልጅ የዋናው ልጅ ጓደኛ አድርጓት፤ መንደሩ እሷን ሲጠረጥር እውነተኛው ጥላ ወጊ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል።

ገጹን በተመለከተ፣ የጃፓን መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለጣል፤ እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለምናነብ በራሳችን አቅጣጫ ሥሩ። መጽሐፉ ሲዘረጋ በቀኝ በኩል ያለው ገጽ የመጨረሻ ሳጥን ላይ ጥያቄ አስቀምጡ፣ መልሱ ሲገለጥ ይምጣ። ሾነን ጃምፕ በሚባለው የጃፓን የማንጋ መጽሔት ላይ በየሳምንቱ የሚወጣ ምዕራፍ 19 ገጽ ገደማ ነው። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይሄ እብደት ነው፣ በወር 12 ገጽ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ጃፓኖች ኔም የሚሉትን ሻካራ ንድፍ በእርሳስ ጨርሱ።

የንግግር አረፋውን ሰፋ አድርጉት። ማንጋ ውስጥ ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ አረፋቸው ቀጭንና ረጅም ነው፤ «አላስቀመጥኩልህም» የሚለውን ቃል እዚያ ውስጥ ክተቱ ብትባሉ አበዳችሁ። በድምፅ ግን እኛ ሀብታሞች ነን፦ ዷ! ጧ! ዥው! ቀጭ! ድርግም! እነሱ ለዝምታ እንኳ የድምፅ ጽሑፍ አላቸው፣ እኛም «ጭጭ» አለን፤ ከላይ የኔታ ዝም ያሉበት ሳጥን ላይ በትንሹ ጻፉት።

ኔሙ ሲያልቅ ማንጋ ለሚያነብ አንድ ሰው፣ ለማያነብ ደግሞ ሌላ ሰው ስጡ። «ከዛስ?» ካሉ ቀጥሉ። «ይሄኛው ማን ነበር?» ካሉ ግን ችግሩ ሥዕሉ ላይ ነው። ቆሎ ተማሪ ሁሉ ደበሎ ለባሽ፣ ራሱን የተላጨ ነው፣ ስለዚህ በቁመት፣ በዱላ፣ በአኩፋዳ አያያዝ ለዩዋቸው። ፊታቸውን ሸፍናችሁ በጥላቸው ብቻ ካልተለዩ እንደገና ሳሏቸው።