የትምህርት ቤት ግቢ የሰፈር መናፈሻ ሲሆን የሚሠሩ ስህተቶች

ችግኙ ተተከለ፣ ወንበሩ ተቀባ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። በቀጣዩ ቅዳሜ ልጆች ኳስ ይዘው ሲመጡ በሩ ተቆልፏል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ግቢውን ከትምህርት ሰዓት ውጪ ለሰፈሩ ለመክፈት የሚደክሙ ሰዎችን ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ያ ሁሉ ልፋት በአንድ ቁልፍ ምክንያት ሲቀር ያንገበግበኛል።

ስምምነቱን ለመጨረሻ ማቆየት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከፕላኑ ነው። ዛፉ የት ይተከል፣ ሸርተቴው ምን ቀለም ይሁን ሲባል ስብሰባው ያልቃል። «ቅዳሜ ማን ይከፍታል?» ብላችሁ ስትጠይቁ «እሱ ቀላል ነው፣ ይደረስበታል» ይሏችኋል። ቀላል አይደለም! አይደረስበትምም።

እስቲ በእያንዳንዱ ሰው ቦታ ሆናችሁ እዩት። ርዕሰ መምህሩ «እሁድ ልጅ ወድቆ እጁ ቢሰበር የምጠየቀው እኔ ነኝ» ብለው ይሰጋሉ። ጥበቃው ለእሁድ አይከፈለውም። የከተማው የመናፈሻ ክፍል «ግቢው የትምህርት ቤቱ ነው» ይላል። ነዋሪው «ይከፈታል ተብለን አልነበር?» ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው። ስለዚህ መሬት ከመቆፈሩ በፊት ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይስፈር። በየትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት? ማን ይከፍታል፣ እሱ ቢታመምስ? የጥበቃውን፣ የጽዳቱን፣ የውሃውን ሂሳብ ማን ይከፍላል? ዥዋዥዌው ሲሰበር ማን ይጠግናል? ሰው ቢጎዳ የማን ኢንሹራንስ ይሸፍናል? የመማሪያ ክፍሎቹስ ከግቢው እንዴት ይለያሉ?

ፊርማው ደግሞ የተቋማት ይሁን እንጂ የአንድ ቅን ሰው ቃል አይሁን። የማውቀው አንድ ግቢ በርዕሰ መምህሯ በጎ ፈቃድ ብቻ ነበር የሚከፈተው። እሳቸው ሲዛወሩ አዲሱ ኃላፊ ዘጉት። የሚያስገድዳቸው ወረቀት አልነበረም፤ ልፈርድባቸውም አልችልም። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ2007 የትምህርት ቤት ሜዳዎችን ከትምህርት በኋላ፣ ቅዳሜና እሁድ እና በዕረፍት ጊዜ መክፈት ስትጀምር የትምህርትና የመናፈሻ መሥሪያ ቤቶች አብረው ነው የገቡበት። ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው።

መሃሉን ሁሉ ለኳስ መስጠት

ኳስ እወዳለሁ፣ ከግቢው ይውጣ አላልኩም። ግን የግቢው መሃል የኳስ ሜዳ ሲሆን ሌላው ሁሉ ግድግዳ ጥግ ይገፋል። በብዛት የሚገፉት ሴት ልጆችና ትንንሾቹ ናቸው። ፈረንሳዊቷ የጂኦግራፊ ባለሙያ ኤዲት ማሩዌዡል ይህንኑ ለዓመታት አጥንታለች። የፓሪስና የባርሴሎና አዳዲስ ግቢዎችም ቦታውን እንደገና ሲያከፋፍሉ ይህን አስበውበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሜዳውን ወደ አንድ ጎን አድርጉት፣ መሃሉን ለጥላ፣ ለመቀመጫና ለሌላ ጨዋታ ተዉት። ከመወሰናችሁ በፊት ግን ቁጭ ብላችሁ አንድ የዕረፍት ሰዓት ተመልከቱ። ማን የት እንደሚቆም ልጆቹ ራሳቸው ያሳዩዋችኋል።

ዛፍን በአስፋልት ቀዳዳ ውስጥ መትከል

አስፋልቱን በክብ ይቆርጡና ችግኙን ይወሽቁበታል። ፎቶው ያምራል። ከአስፋልት በታች ያለው አፈር ግን በሮለር የተደቆሰ ነው፤ አየርም ውሃም በቀላሉ አያስገባም። የዛፍ ሥር ደግሞ በአብዛኛው የሚሄደው በላይኛው አፈር ውስጥ ወደ ጎን ነው። መሄጃ ሲያጣ ዛፉ ይቀነጭራል ወይም አስፋልቱን ያነሳዋል። ስለዚህ ለየብቻቸው ቀዳዳ ከመቆፈር ረጅም ቦይ አውጡ፣ አፈሩን በጥልቀት አላሉት፣ ኮምፖስት ጨምሩበት፣ ዛፎቹ አፈሩን ይጋሩ። ብዙ ዛፍ በጠባብ ቦታ ከማጎር ጥቂት ዛፍ በሰፊ አፈር ይሻላል።

ውሃ ማጠጣቱስ? አዲስ ዛፍ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ክትትል ይፈልጋል። ተማሪዎቹ በፍቅር ያጠጣሉ። ከዚያ ረጅሙ ዕረፍት ይመጣል። ዕረፍቱ በደረቅ ወራት ውስጥ ከሆነ ትምህርት ሲከፈት የሚጠብቃቸው የደረቀ እንጨት ነው። ልጆቹ ያንን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚነበበውን ስላየሁ ነው እንዲህ የምጨቀጭቀው። በዕረፍቱ ጊዜ የሚያጠጣውን ጎረቤት ከወዲሁ ፈልጉት። ቧንቧው ከተቆለፈ ክፍል ውስጥ ከሆነም ወደ ውጭ አውጡት።

አርቴፊሻል ሳር

ተዉት። ፀሐይ ሲመታው ከተፈጥሮ ሳር እጅግ ይግላል፣ አንዳንዴም ከአስፋልት ይብሳል። ፓሪስ ግቢዎቿን መለወጥ የጀመረችው ሙቀቱን ለመቀነስ ነው፤ ባርሴሎናም 11 ትምህርት ቤቶችን በጥላ፣ በውሃና በአረንጓዴ ተክል ከሙቀት መጠለያ አድርጋለች። ሙቀት ሸሽታችሁ ሙቀት አትግዙ።

የመውደቂያውን ቦታና ሌሎች ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችን መርሳት

ከመወጣጫው በታች ሳር አለና ይበቃል አትበሉ። ሳር ይረገጣል፣ መሬቱ ይጠነክራል። የእንጨት ፍቅፋቂ የምትጠቀሙ ከሆነ ስታነጥፉት ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ እየተረገጠ ይቀንሳልና ሙሉት። በመጫወቻው ዙሪያ ደግሞ ቢያንስ 1.8 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተዉ። ለዥዋዥዌ ከፊትና ከኋላ ከዚህም ይበልጣል።

ሽንት ቤት ከሌለ ቤተሰብ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቀመጥም። በሩ ወደ ግቢው የሚከፈት እንጂ በክፍሎቹ በኩል የሚያሳልፍ አይሁን።

ጉሎ፣ አጤ ፋሪስና ኦሊያንደር የሚባለው የአበባ ቁጥቋጦ ያምሩ ይሆናል፤ መርዛማ ናቸው፣ ልጆች ባሉበት አይተከሉ።

ፕላን ከማውጣታችሁ በፊት ዝናብ እየዘነበ ግቢውን እዩት። ውሃው የሚተኛበት ቦታ ላይ አሸዋና አግዳሚ ወንበር አታስቀምጡ፤ እዚያ ውሃ የሚመጥ የአትክልት መደብ ይሁን።

ሰኞ ጠዋትን አለማሰብ

አስተማሪዎች ግቢው መከፈቱን የሚቃወሙት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ሰኞ ጠዋት አሸዋው ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ ስለሚያገኙ ነው። አንድ ሕፃን እግሩ ከተቆረጠ ያ ሁሉ ስምምነት በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ወላጆችም ትክክል ናቸው። ስለዚህ ልጆች ከመግባታቸው በፊት አንድ ሰው ግቢውን በእግሩ ይዙር። ስባሪ፣ መርፌ፣ የላላ ብሎን፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ ይፈልግ፤ ያየውን ደብተር ላይ ይጻፍ። ለዚህ ሥራ ይከፈለው። የሚጠግነው ሰው ስልክም እዚያው ደብተር ላይ ይሁን፣ የተበላሸውም እስኪጠገን ይታጠር።